የቤት ጋራዥ አቀማመጥ፤ ከመሣሪያው በፊት ስለ አየሩ ማሰብ

ጋራዥ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው የሚያመለክተው ተሽከርካሪ የሚጠለልበትን ስፍራ ነው። በእኛ አነጋገር ግን «መኪናው ጋራዥ ገባ» ሲባል ተጠለለ ሳይሆን ተበላሸ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለቱን ትርጉሞች አጣምሮ የያዘውን ጋራዥ ነው። ይኸውም ባለቤቱ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ መኪናውን የሚያሳድርበት፣ ደግሞም ዘይት የሚቀይርበት፣ ፍሬን የሚፈታበት፣ ሲደፍርም ሞተር የሚያወርድበት ክፍል ነው።

እንዲህ ያለውን ክፍል ለማሠራት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መኪናውን በሜትር በመለካት፣ ከዚያም የሥራ ጠረጴዛውንና የመሣሪያ መደርደሪያውን በወረቀት ላይ በመንደፍ ነው። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ያለ ቦታው ቢቀመጥ በማግሥቱ ይነሣል። የአየር መውጫው፣ የወለሉ ተዳፋት፣ የማብሪያና ማጥፊያው ከፍታ ግን አንዴ ከተገነቡ በኋላ የሚነኩ አይደሉም። እነዚህን የሚወስኑት ደግሞ ዓይን የማያያቸው ነገሮች፣ ማለትም ወደ ታች የሚሰምጥ ትነት፣ ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ጋዝ እና በክፍሉ ሁሉ እኩል የሚሰራጭ መርዝ ናቸው። ስለሆነም የጋራዥ ንድፍ ከአናጺው ይልቅ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪውን የሚመለከት ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስፋቱ

የልኬቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የመካከለኛ አውቶሞቢል ርዝመት 4.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.8 ሜትር ያህል ነው። በር ለመክፈትና ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ለመሥራት በየጎኑ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በአንደኛው ግድግዳ ለሚቆም ጠረጴዛ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ብንጨምር ወርዱ 4.2 ሜትር ይደርሳል። በስተፊት ሞተር ለማውረጃ 2 ሜትር፣ በስተኋላ ለመተላለፊያ 50 ሳንቲ ሜትር ስንተው ርዝመቱ 7 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው በ2.6 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ክፍሉ 76 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ጥቂት ቆይተን እንመለስበታለን።

መኪናው አፍንጫውን ወደ ውስጥ ወይስ ወደ በሩ አድርጎ ይቁም የሚለው ጥያቄ ተራ ይመስላል። ብዙ ሰው ጠዋት በፍጥነት ለመውጣት ሲል የኋሊት ማስገባትን ይመርጣል። ለሚጠገን መኪና ግን ተቃራኒው ይሻላል። አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲሆን ሞተሩ ለሥራ ጠረጴዛው ይቀርባል፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ደግሞ ወደ ደጅ ይመለከታል። ይህ ምክር የማይሠራው ለቮልስ ባለቤት ነው። ሞተሯም ጭስ ማውጫዋም ከኋላ ስለሆኑ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ማቅረብ ግድ ይሆናል፤ ይህም ቢሆን ብርሃንና አየር ስለሚያስገኝ የሚያስቆጭ አይደለም።

በክፍሉ ሁሉ የሚሰራጨው

ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ቀለምና ሽታ የሌለው፣ ካርቦን ያለው ነዳጅ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ የሚፈጠር ጋዝ ነው። የሞለኪውሉ ክብደት 28 ሲሆን የአየር አማካይ ክብደት 29 ነው። ስለዚህ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍምም። ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ ይሞላዋል። ወደ ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን በ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ስለዚህም ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ አስቀድሞ የሚያደክመው የማመዛዘን ችሎታን መሆኑ ነው። ራሱን ያመመው ሰው «ድካም ነው» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ መውጣት እንዳለበት ሲገባው እግሩ አይታዘዝለትም።

አሁን ወደ 76 ሜትር ኩባችን እንመለስ። 1,300 ሲሲ ሞተር ያለው ባለካርቡሬተር መኪና ቆሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ብቻ አየር ስለሚስብ፣ ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ቢሞሉ በደቂቃ 520 ሊትር ይስቡ ነበር። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር ግን የአየር ማስገቢያው የተዘጋ ያህል ስለሆነ የሚስበው ከዚህ ሲሶውን፣ ማለትም 170 ሊትር ገደማ ነው። ከጭሱ ውስጥ 2.5 በመቶው ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ቢሆን በየደቂቃው 4 ሊትር ያህል መርዝ ወደ ክፍሉ ይገባል። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህ መጠን በ23 ደቂቃ 92 ሊትር ይሆናል። 92 ሊትር በ76,000 ሊትር አየር ውስጥ ከሚሊዮን 1,200 እጅ ማለት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋማት ለሕይወት ወዲያውኑ የሚያሰጋ ብለው የለዩት መጠን ይኸው 1,200 ነው። ለሙሉ የሥራ ቀን በሕግ የፈቀዱት ደግሞ 50 ብቻ ሲሆን፣ በእኛ ጋራዥ ውስጥ ይህ የሚያልፈው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ጉዳዩ ይባስ ይከፋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ነዳጅ የሚመጥነው በአየሩ ይዘት እንጂ በውስጡ ባለው ኦክስጅን ክብደት ስላልሆነ፣ ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ደግሞ ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ያበዛል። በሌላ በኩል የሚተነፍሰው ሰው ራሱ ከአየሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ የቀነሰ ነው። በኮምፒዩተር የሚመጠን ነዳጅ ያላቸው አዳዲስ መኪኖች የመጀመሪያውን ችግር ያርማሉ። ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ግን 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እስኪሞቅ ድረስ እምብዛም ስለማይሠራ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው የተነሣ አዲስ መኪናም ንጹሕ ነው ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ ከንድፉ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ አንድ የአገራችን የቤት አሠራር ልማድ መነሣት አለበት። በብዙ ግቢዎች ጋራዡ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ከተገነባ፣ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ ለሁለቱም ክፍሎች የጋራ ይሆናል። በጋራዡ ውስጥ የተነሣ ጋዝ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ከላይ ተሻግሮ፣ በወዲያኛው በኩል ወደተኛ ሰው ይወርዳል። የተኛው ሰው የሞተር ድምፅ ቢሰማም የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በጋራዥና በመኝታ ክፍል መካከል ያለ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ መድረስና በሁለቱም በኩል መለሰን አለበት። የምናውቀው ከሁሉ የረከሰ የሕይወት መድን ጥቂት ብሎኬትና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው።

በሩን መክፈትስ አይበቃም ወይ? ነፋሱ ከደጅ ወደ ውስጥ ሲነፍስ ክፍት በር ጭሱን መልሶ ያስገባዋል። አየር የሚንቀሳቀሰው መግቢያና መውጫ ሲኖረው ነው። በበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ከወለሉ አጠገብ፣ አንድ ከጣሪያው ሥር መስኮት ቢወጣ አየሩ ክፍሉን አቋርጦ ያልፋል። ሞተር ማስነሣት የግድ ሲሆን ደግሞ በማርሚታው ጫፍ ላይ ሙቀት የሚችል ቱቦ አጥልቆ ጭሱን በቀጥታ ወደ ውጭ መምራት ይገባል። ለዚህም በበሩ ጎን ግድግዳ ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ መተው በኋላ ከመብሳት ያድናል።

ወደ ታች የሚሰምጠው፤ የጉድጓዱ ጉዳይ

መኪና በገዛ እጁ መጠገን የሚወድ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ይመኛል። መኪናው ከላይ ይቆማል፣ ሠራተኛው ከሥር ገብቶ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ምቾቱ አይካድም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን በመኖሪያ ቤት ጉድጓድ መቆፈርን አይመክርም፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይከብዳል። በጸጥታ እንደ ውኃ ወለሉን ተከትሎ ይፈስና ዝቅተኛ ስፍራ ሲያገኝ ይተኛል። ለማቀጣጠልም ብዙ አይጠይቅም፤ ከአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶው ያህል የቤንዚን ትነት ከሆነ አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 4.8 ሜትር ኩብ ይይዛል። የዚህ 1.4 በመቶ 67 ሊትር ትነት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ቤንዚን ሲተን በግምት ከ200 እስከ 250 ሊትር ትነት ስለሚወጣው፣ ጉድጓዱን በሙሉ ወደ ፈንጂነት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ከሲሶ ሊትር አይበልጥም። ይህም አንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። የነዳጅ ማጣሪያ ሲቀየር ወይም የነዳጅ ቱቦ ሲፈታ የሚንጠባጠበው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ትነቱ በእኩል ስለማይሰራጭም የጉድጓዱ ግርጌ ከስሌቱ ቀድሞ አደገኛ ይሆናል። ሠራተኛው የሚቆመው፣ የእጅ መብራቱንም የሚያስቀምጠው እዚያው ነው።

ናፍጣ በዚህ ረገድ ገር ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት የሚነድ ያህል ትነት አያወጣም፤ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞም ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል።

ጉድጓዱ አስቀድሞ የተቆፈረ ከሆነስ? በውስጡ ማብሪያም ሆነ የኤሌክትሪክ መሰኪያ አይኑር። ከግርጌው የሚነሣ ቱቦ በማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ይሳብ፤ የማራገቢያው ሞተር ግን ከቱቦው ውጭ መሆን አለበት። መውጫው ከሁለቱም ጫፍ ይሁን። በማይሠራበት ጊዜ በወፍራም ጣውላ ይከደን፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። የነዳጅ መስመር ደግሞ በፍጹም በጉድጓድ ላይ አይፈታም።

ይኸው የትነቱ ባሕርይ ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩም ይነግረናል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ መሠረት በንግድ ጋራዦች ከወለሉ እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ያለው የአየር ንጣፍ እንደ አደገኛ ቀጠና ይቆጠራል። ለቤት ጋራዥም መሰኪያውን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ መትከል ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ጎንበስ ከማለትም ያድናል። የፍሪጅና የውኃ ማሞቂያ ቦታ ከጋራዥ ወለል ላይ አይደለም።

ወለሉና ክሪኩ

ጉድጓዱን ከተውነው መኪናውን የምናነሣው በክሪክ ነው። የሃይድሮሊክ ክሪክ የፓስካልን ሕግ የሚጠቀም መሣሪያ ነው። ጠባብ ፒስተን ላይ ያረፈ ኃይል በዘይቱ ተላልፎ ሰፊውን ፒስተን በስፋታቸው ልዩነት ልክ አባዝቶ ይገፋል። የሰፊው ዲያሜትር የጠባቡ ሦስት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመውን ዘይት የያዘው አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲያረጅ ክሪኩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲቀደድም በአንድ ጊዜ። ስለዚህ ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። የሚሸከሙት ከሻንሲው ጠንካራ ክፍል ሥር የሚገቡ የብረት መደገፊያዎች ናቸው። ንድፋችን ለነዚህ መደገፊያዎች በክሪኩ አጠገብ ቦታ ካልሰጠ ሠራተኛው ለአምስት ደቂቃ ሥራ ብሎ እነሱን ፍለጋ አይሄድም። ርቀት ስንፍናን ይወልዳል፤ አቀማመጥ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ወለሉ ደልዳላ ኮንክሪት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም የመደገፊያ እግር የጭነቱን ክብደት በትንሽ ስፋት ላይ ስለሚያሳርፍ አፈርና አስፋልት ሥሩ ይሰረጉዳሉ። ተዳፋቱስ ምን ያህል ይሁን? ፈሳሽም ከባድ ትነትም ወደ ደጅ እንዲወርዱ ወለሉ ወደ በሩ ማዘንበል አለበት። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ100 ሜትር ላይ 2 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ቢቆም ወደ ታች የሚስበው ኃይል 235 ኒውተን ያህል ነው። ጎማው በኮንክሪት ላይ ለመንከባለል የሚያሳየው ተቃውሞ ግን 150 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ማርሽ ያልገባለትና የእጅ ፍሬን ያልተያዘለት መኪና በዚህ ወለል ላይ በራሱ ይነሣል ማለት ነው። ተዳፋቱ ወደ 1 በመቶ ሲወርድ የሚስበው ኃይል 118 ኒውተን ይሆናል፤ መኪናው ይቆማል፣ ፈሳሹ ግን ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ታኮ ማድረግ አይቀርም። እሳት ቢነሣ ወይም ሞተሩ አልነሣ ቢል መኪናውን በሁለት ሰው ገፍቶ ማውጣት መቻሉ ሌላው ጥቅም ነው።

ብርሃን

አንድ አምፖል በጣሪያው መካከል መስቀል የተለመደ ስሕተት ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ብርሃኑን ጋርዶ ሞተሩን ጥላ ውስጥ ይጥለዋል። መብራቶቹ በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በርዝመቱ ትይዩ ቢደረደሩ ይሻላል። ለቅርብ ሥራ ደግሞ የብርሃን ብርታት በርቀት ካሬ እንደሚቀንስ እናስታውስ። ከ2.5 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የቀረበ ትንሽ አምፖል 25 እጥፍ ያበራል። ይህ የእጅ መብራት በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ፣ የተሸፈነ ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል።

የአሮጌው ሸምበቆ መብራት ነገር ግን ተለይቶ መነገር አለበት። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደክማል። አራት ክንፍ ያለው የሞተር ማራገቢያ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 25 ዙር ማለት ነው፤ በየሰከንዱም 100 ክንፍ በአንድ ስፍራ ያልፋል። መብራቱ በበራ ቁጥር ዓይን የሚያየው ክንፍ በአንድ ቦታ ስለሆነ ማራገቢያው የቆመ ይመስላል። ጣቱን የሚሰድ ሰው ያጣዋል። ርካሽ ኤልኢዲዎችም እንዲሁ ሊያታልሉ ስለሚችሉ ለክፍሉ ቢያንስ አንድ ባለሽቦ አምፖል መጨመር ብልኅነት ነው።

ወደ ላይ የሚንሳፈፈውና የማይስማሙት ጎረቤቶች

የመኪና ባትሪ ከሞላ በኋላ ቻርጅ መደረጉ ሲቀጥል ኤሌክትሪኩ ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሰነጥቃል። ስድስት ክፍል ያለው ባለ12 ቮልት ባትሪ ለእያንዳንዱ ትርፍ አምፔር ሰዓት 2.5 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይሰጣል። ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥም ይፈነዳል። እንግዲህ የባትሪው ቦታ ግልጽ ነው፤ ከላይኛው መስኮት ሥር፣ ክዳን በሌለው መደርደሪያ ላይ፣ ብልጭታ ከሚረጨው ሞርሳና መሞረጃ ርቆ።

ብየዳ ደግሞ ከሁሉም ጋር የማይስማማ ጎረቤት ነው። ከነዳጅ መራቁን ሁሉም ያውቃል። ክሎሪን ካላቸው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሾችም መራቅ እንዳለበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የነዚህ ፈሳሾች ትነት በብየዳው ሙቀትና ጨረር ሲሰባበር ፎስጅን ሊፈጥር ይችላል፤ ይህም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመሣሪያነት የዋለው ጋዝ ነው። በዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለቱን የሚያስማማ ማዕዘን ስለሌለ ብየዳው ከደጅ፣ በግቢው ቢከናወን ይበጃል። በዘይት የራሰ ሰጋቱራና ጨርቅም ውስጥ ለውስጥ ሞቆ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ማከማቻው ክዳን ያለው የብረት በርሜል ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ ዛሬ ጋራዥ የሚነድፍ ሰው ነገ ቤንዚን የሌለው መኪና ሊያስገባበት ይችላል። ጭሱና የነዳጁ ትነት ይቀራሉ፤ ሌሎች ጥያቄዎች ግን ይተካሉ። ከተለመደው 220 ቮልት መስመር በ16 አምፔር ሲሞላ መኪናው 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ለዚህ በቂ ውፍረት ያለው፣ ከቆጣሪው በቀጥታ የመጣና የራሱ መቁረጫ ያለው መስመር ያስፈልጋል፤ ከሰርቪስ ቤቱ የተጎተተ ማራዘሚያ ሽቦ እየጋለ ያድራል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ የተቀመጠ ስለሆነ ክሪክ የሚያርፈው አምራቹ ምልክት ባደረገባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያስተላልፉ የቤት ሠራተኛ የሚነካቸው አይደሉም።

የሊትየም ባትሪ እሳት የሚፈልገውን ኦክስጅን በከፊል ከራሱ ስለሚያገኝ አሸዋ በመድፋት አይታፈንም፤ የሚያበርደው ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ብዙ ውኃ ነው። በመሆኑም መሙያው በክፍሉ ጥልቅ ጫፍ ሳይሆን በበሩ አጠገብ ይተከል። ከበሩ ውጭ ያለው ቦታም መኪናው ተጎትቶ ሊቆምበት የሚችል፣ ከቤቱ ግድግዳ የራቀ ባዶ ስፍራ ሆኖ ይቆይ፤ የማገዶም ሆነ የአሮጌ ጎማ መከመሪያ አይሁን።